ሁለት ኪሎ ሲቀረው

ሐኪሙ እናቴን «ቤቱ ወስዳችሁ አስታምሙት» ሲላት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ዐሥር ዓመቴ ነበር። እኔ ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ እግሬን አወዛውዛለሁ፤ እናቴ በሩ ጋ ቆማ የቦርሳዋን ማንገቻ ትጠመዝዛለች። ከሐኪሙ ንግግር ውስጥ እኔ የያዝኩት «ቤቱ» የምትለዋን ቃል ብቻ ነው። በኔ ሒሳብ የባሰበት ሆስፒታል ይተኛል፣ የዳነ ቤቱ ይገባል። ዘልዬ ወረድኩና የእናቴ ወገብ ላይ ተጠምጥሜ «እሰይ! አባዬ ዳነ!» አልኩ። ሐኪሙ እኔን አየኝ፣ እናቴን አያት፣ ከዚያ የጋዋኑን ኪስ ይዳብስ ጀመር፤ ምን እንደጠፋው እንጃ። እናቴ ፀጉሬን እየነካካች «አዎ፣ እሰይ ነው» አለች።

ለአባቴ የተነገረው «ሳንባህ ውሃ ቋጥሯል፣ በመድኃኒት ይደርቃል» የሚል ነው። ለኔ ደግሞ «የከረመ ጉንፋን» ተባለልኝ። የሳንባ ካንሰር የሚለው ወረቀት የእናቴ የስፌት መኪና መሳቢያ ውስጥ፣ ከክሮቹ ሥር ተጣጥፎ ተቀምጦ ነበር። ያንን ወረቀት ያየሁት ትልቅ ሰው ሆኜ ነው።

አባቴ የእህል መጋዘን ሚዛነኛ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ጆንያ ሲመዝን፣ የእህል ብናኝ ሲተነፍስ፣ በየመሐሉ ደግሞ ሲጋራውን ሲያጨስ ኖሯል። ባልደረቦቹ «ጋሽ ግራም» ይሉት ነበር። ወዛደሮቹ ሲቀልዱበት፣ «ጋሽ ግራም ጆንያው ላይ ዝንብ ካረፈች እስክትነሳ ቆሞ ይጠብቃል» ይላሉ። እሱም ይስቅና «ዝንቧ የማን እንደሆነች በምን አውቃለሁ? የገዢው ትሁን የሻጩ!» ይላቸዋል። ይህን ቀልዱን ሺህ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ሺህ ጊዜም ስቄያለሁ።

ቤታችን ሁለት ክፍል ነበር። የፊተኛው የእናቴ መስፊያ ነው። ለስብሰባ አዳራሽና ለሲኒማ ቤት የሚሆን ወፍራም መጋረጃ ነበር የምትሰፋው፤ ሥራ በበዛ ቀን ጨርቁ ወለሉን ሞልቶት እኛ ግድግዳ ግድግዳውን ታከን እንሄዳለን። መጋረጃው እንዳይንሳፈፍ ግርጌው እጥፋት ውስጥ ጠፍጣፋ፣ ግራጫ፣ የክብሪት ቀፎ የሚያክል ነገር ትከትበታለች። «ማክበጃ» ነበር የምትለው። አራቱ አንድ ኪሎ ይመዝናሉ። እኔም ከሷ ሰምቼ ማክበጃ እለዋለሁ፤ ሌላ ስም እንዳለው አላውቅም ነበር።

የኋለኛው ክፍል የአባቴ ማስታመሚያ ሆነ። አልጋው ወደ መስኮቱ ተጠጋ፣ በራስጌው የኦክስጅን ሲሊንደር ቆመ፣ በግርጌው ክዳን ያለው የአክታ ኩባያ ተቀመጠ። ለኔ ኩባያውን መንካት ክልክል ነበር። የማስታመሙን ነገር ለእናቴ ያስተማሯት ጎረቤታችን ሲስተር ናቸው። ሠላሳ ዓመት ነርስ ሆነው ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ሲናገሩ የሚቆጡ የሚመስሉ፣ ሲነኩ ግን እጃቸው ጥጥ የሆነ ሴት ነበሩ። «በጀርባው አጋድመሽ እንዳታስተኚው፣ በሦስት ትራስ ደግፈሽ ቀና አድርጊው» ይላሉ። «ከንፈሩን በርጥብ ጥጥ አርሺለት። መራራውን ሽሮፕ ሰዓቱን ጠብቀሽ ስጪው፤ አመመኝ እስኪል አትጠብቂ።» አባቴን ደግሞ «ትንፋሽ ሲያጥርህ ሻማ እንደምታጠፋ ከንፈርህን አሹለህ፣ ቀስ!» ይሉታል። እሱ ከንፈሩን ሲያሾል እኔ ፉጨት የጠፋበት ይመስለኝና አፏጭቼ አግዘው ነበር። ትንፋሽ አጥሮት እንኳ በዓይኑ ይስቅልኛል።

በሁለተኛው ሳምንት ሁለት ወዛደሮች አንድ አሮጌ ሚዛን በጋሪ ጭነው መጡ። ያስላከው አባቴ ነው። ሰው ቆሞበት የሚመዘንበት፣ ከኋላው ረጅም የብረት ክንድ ያለው ሚዛን ነበር። እናቴ ሚዛኑን ስታይ ፊቷ ተለዋወጠ።

«ምን ልታደርግበት ነው?»

«እውነቱን ልጠይቀው ነዋ!» አላት። ከዚያ ወደኔ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ድምፁ ያን ጊዜ ሻክሮ ነበር። «ሐኪም አፉን ሞልቶ አይናገርም። እናትሽ አንጀቷ ቡቡ ነው። ሲስተር ደግሞ ሲያጽናኑ የኖሩ ሰው ናቸው። ሚዛን ግን ዘመድ የለውም።»

«እኔስ?» አልኩት።

«አንቺማ ስትዋሺ የታችኛው ከንፈርሽን ትነክሻለሽ። ስለዚህ አንባቢዋ አንቺ ነሽ።»

እውነትም ነበር። ጎንበስ ሲል ትንፋሹ ስለሚቋረጥ ራሱ ማንበብ አይችልም። ክንዱ ላይ የምትንሸራተተውን ክብደት እንዴት በጣቴ ጫፍ ቀስ አድርጌ እንደምገፋት፣ ክንዱ ወደላይም ወደታችም ሳያደላ ቀጥ እስኪል እንዴት እንደምጠብቅ አስተማረኝ። ቅዳሜ ጠዋት የመመዘኛችን ቀን ሆነ። እናቴ ከአልጋ ሲወጣ ብርድ እንዳይመታው ብላ የመጋዘን ካፖርቱን ታለብሰዋለች። «ካፖርቱስ አይመዘንም?» ብዬ ጠይቄው ነበር። «ሁልጊዜ በአንድ ልብስ እስከተመዘንኩ ድረስ ልብሱ አያሳስትም» አለኝ። የሚዛነኛ መልስ ነው። ልብሱ ራሱ ሊወፍር እንደሚችል ሃያ ሁለት ዓመት የመዘነ ሰው አላሰበም፤ እኔ ከየት አስባለሁ?

በመጀመሪያው ቅዳሜ ሐምሳ ስምንት ኪሎ ሆነ። ደብተሬ ላይ ቀኑንና ቁጥሩን ጻፍኩ። አባቴ ትንሽ አሰበና «ስልሳ ስገባ እናቴ ዘንድ እሄዳለሁ» አለ። እናቱ የአንድ ቀን የአውቶቡስ መንገድ ርቀው ነበር የሚኖሩት። «እንዲህ ሆኜማ አታየኝም። ጭራሮ የወለደች ነው የሚመስላት።»

በሁለተኛው ቅዳሜ ሐምሳ አምስት አነበብኩ።

«ድገሚው» አለኝ። ደገምኩት። «ጣትሽ ነክቶት እንዳይሆን» አለ። እጄን ወደኋላ አድርጌ አሳየሁት። ሐምሳ አምስት ነው። አባቴ ከሚዛኑ ወረደ፣ አልጋው ላይ ወጣ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ምሳ መጣለት፤ አልዞረም። ሾርባ መጣለት፤ አልዞረም። እሁድ፣ ሰኞ፣ ማክሰኞ እንዲሁ አለፉ። እናቴ በማንኪያ ይዛለት የሄደችውን ሁሉ መልሳ ታመጣዋለች። እኔ ጥፋቱ የኔ መሰለኝ። ከፍ አድርጌ ባነብለት ምን ነበረበት እያልኩ ጥፍሬን ስበላ ሰነበትኩ።

ረቡዕ እናቴ ካፖርቱን ከተሰቀለበት አወረደችና በእጇ መስፋት ጀመረች። ገበሩ ተተርትሮ ጭኗ ላይ ተዘርግቷል። «ምን ሆኖ ነው?» አልኳት። «ተቀዶ ነው» አለችኝ። ዓይኗ ቀልቶ ነበር፤ መርፌው ቀዳዳ ውስጥ ክሩን ለማስገባት ሦስት ጊዜ ሞክራ አቃታት። «እስቲ አንቺ አስገቢልኝ፣ ዓይንሽ ደህና ነው» አለች። ክሩን በምራቄ አርሼ አንዴ ብቻ ሞክሬ አስገባሁላት። ግንባሬን ሳመችኝ። ጉራዬን አትጠይቁኝ።

በሦስተኛው ቅዳሜ ካፖርቱን ራሷ ከኋላው ሆና፣ እስኪቆም ድረስ በሁለት እጇ ተሸክማ አለበሰችው። ክንዱ ቀጥ አለ።

«ሐምሳ አምስት ተኩል!» ብዬ ጮህኩ። «አባዬ፣ ጨምረሃል!»

አንገቱን አዙሮ ፊቴን አየኝ። ሚዛኑን አይደለም ያየው፤ ከንፈሬን ነው። ከንፈሬ እስከ ጆሮዬ ተከፍቷል። አባቴ ዓይኑ እንባ አቀረረ። አልጋው ላይ ወጥቶ ሳይጋደም «እስቲ የሚበላ ነገር አምጡልኝ» አለ። እናቴ ወደ ማድቤት ሮጠች፣ እኔም ተከትያት ሮጥኩ። ጀርባዋን ለኔ ሰጥታ እንቁላሉን ስትሰብር ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። የምትስቅ መስሎኝ እኔም ሳቅኩ።

ከዚያ በኋላ ቤታችን የቅዳሜ ቤት ሆነ። ሐምሳ ስድስት። ሐምሳ ስድስት ተኩል። ሐምሳ ሰባት። አባቴ የተፈጨ ድንች በማንኪያ ሲውጥ ዓይኑን ይጨፍናል፣ የአንገቱ ጅማት ይገታተራል፣ ከያንዳንዱ ጉርሻ በኋላ ሻማውን ያጠፋል። «ለስልሳ ነው» ይለኛል ሲያርፍ። «ካፖርቱ ግን ከበደኝ» አላት አንድ ቀን እናቴን። «አንተ ደክመህ ነው» አለችው። «ስትወፍር መቆም ይከብድሃል፣ ልማድ አይደለ!» አልኩ እኔ ደግሞ፣ አዋቂ ነኝና።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴና ሲስተር ማድቤት ውስጥ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲነታረኩ ደረስኩ። ከበሩ ውጭ ቆሜ ጆሮዬን ቀሰርኩ።

«ዛሬስ ስንት ጨመርሽ?» አሉ ሲስተር።

«አራት።»

«አራት እርሳስ! ምነው ልጄ፣ ይሄ ነገር ማብቂያ የለውም?»

ልቤ በደስታ ዘለለ። ክብደት የምጽፍበት እርሳሴ ተቀርጾ ተቀርጾ የጥፍሬን ያህል ቀርቶ ነበር። አራት አዲስ እርሳስ! እርሳስ የሚባል ማዕድን፣ እናቴ ማክበጃ የምትለው ራሱ ያ ግራጫ ነገር፣ በዓለም ላይ መኖሩን ማን ነግሮኝ?

«ጉሮሮው እየጠበበ በግድ ይውጣል» አሉ ሲስተር። «ለማን ብሎ? ደግሞ በልጅቷ አፍ! ነውር ነው፣ ነውር!»

«ታዲያ ምን ላድርግ? ግድግዳ ሲያይ ልየው?» አለች እናቴ።

«በልጅቷ አፍ» ሲሉ የኔ ስርቆት የተነሳ መሰለኝ። የዚያን ቀን ጠዋት ከአባቴ ቁርስ ላይ ግማሽ እንቁላል ሰርቄ በልቼ ነበር። ታወቀብኝ ብዬ በእግሬ ጣት ተመልሼ ወደ መንገድ ወጣሁ። ለብዙ ቀን እንቁላሉን የሚያነሳብኝ ሰው ስጠብቅ ከረምኩ፤ ማንም አላነሳም። እርሳሶቹም አልመጡም።

በስምንተኛው ቅዳሜ ሐምሳ ስምንት ሞላ። ሁለት ኪሎ ቀረው። አባቴ መጋዘን ላሉት ወዛደሮች ሳይቀር «ልነሳ ነው» ብሎ ላከላቸው። ሻንጣው ከአልጋው ሥር ወጥቶ ተወለወለ።

በዘጠነኛው ቅዳሜ እናቴ ጠዋት አንድ አዳራሽ ውስጥ መጋረጃ ልትሰቅል ሄደች። «ስመለስ እንመዝነዋለን፣ አትንኩት» ብላን ነበር። አባቴ ግን ቸኮለ።

«ነይ ጸሐፊዬ፣ እኛው እንጨርሰው።»

ካፖርቱን ከሚስማሩ ላይ ላወርድለት ስጎትተው ከእጄ አምልጦ ወለሉ ላይ ወደቀ። ድምፁ የጨርቅ ድምፅ አልነበረም። ላነሳው ሞከርኩ፣ ከበደኝ። አባቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ካፖርቱን አየው። ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ «ተይው። ዛሬ ያለሱ» አለኝ።

ትከሻዬን ተደግፎ ሚዛኑ ላይ ቆመ። ክብደቷን ሐምሳ ስምንት ላይ አደረግኳት፤ ክንዱ ወደቀ። ሐምሳ ሰባት። ወደቀ። ሐምሳ አምስት። ክንዱ ቀጥ ያለው ሐምሳ ላይ ነው። ካፖርት ስምንት ኪሎ አይመዝንም፤ ይህን የዐሥር ዓመት ልጅም ታውቃለች። ሚዛኑ የተበላሸ መሰለኝ። ከዚያ ግድግዳው ትዝ አለኝ፤ እነዚያ አራት ቀናት፣ የተመለሰው ማንኪያ።

«ስንት ይላል?» አለኝ።

«ሐምሳ ስምንት ተኩል» አልኩት።

አንገቱን አዙሮ አየኝ። ከንፈሬ ጥርሴ ውስጥ መሆኑን ያወቅኩት እሱ ካየው በኋላ ነው። አልተቆጣኝም። ራሴን ዳበሰኝ።

«ጎበዝ» አለ። «ጻፊው።»

ጻፍኩት። አልጋው ላይ ከወጣ በኋላ ሻማውን ብዙ ጊዜ አጠፋ። በመጨረሻ «ሰኞ ከትምህርት ቤት ስትመለሺ ወረቀት ይዘሽ ነይ። ለእናቴ የምንጽፈው አለ» አለኝ። «ለእማዬ ልንገራት?» አልኩት። «አትንገሪያት» አለ።

ሰኞ ወረቀቱን ይዤ መጣሁ። አፉና አፍንጫው ላይ የኦክስጅን ጭንብል አለ። ድምፁ ጠፍቷል። እናቴ «ይረፍበት፣ አታስቸግሪው» ብላ ከክፍሉ አስወጣችኝ። በበሩ በኩል ዓይኑ ወረቀቱን ሲፈልግ አይቻለሁ፤ የውሃ ብርጭቆውን የሚፈልግ ስለመሰላት እናቴ ብርጭቆውን አቀበለችው። ማክሰኞም ረቡዕም ያው ነበር። ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስመለስ ደጃችን ላይ ወንበሮች ተደርድረው አገኘሁ።

አያቴ በማግስቱ መጡ። አንዲት የዘመድ ልጅ እጃቸውን ይዛ ነው ያስገባቻቸው። ደክሟቸው መስሎኝ ነበር። አልጋውን በእጃቸው እየዳበሱ፣ ትራሱን እየዳበሱ፣ «ለምን አላስጠራኝም? ልጄ ለምን ጨከነብኝ?» ይላሉ። እኔ ቀረብኩና እውነቱን ነገርኳቸው፤ እውነት ነው ብዬ የማውቀውን።

«አልጨከነም፣ አያቴ። ስልሳ እስኪገባ እየጠበቀ ነበር። ሁለት ኪሎ ብቻ ነበር የቀረው። ከስቶ እንዲያዩት አልፈለገም።»

አያቴ ፊታቸውን ወደኔ አቅጣጫ አዞሩ። ዓይናቸው ግን ከራሴ በላይ ያለውን ግድግዳ ነበር የሚያየው።

«እኔ? እኔ ነኝ የማየው?» አሉ። «ዓይኔ ከጠፋ ሁለት ዓመቱ እኮ ነው፣ ልጄ። እንዳይጨነቅብኝ ብዬ እንዳትነግሩት አልኩ እንጂ! ድምፁን ብሰማ ይበቃኝ አልነበር?»

እናቴ ከክፍሉ ወጣች።

ካፖርቱን ያገኘሁት ለቅሶው ሲቀዘቅዝ ነው። ሽታው ናፍቆኝ ልተኛበት ወደ አልጋዬ ስጎትተው የአልጋው እግር ላይ ቋ አለ። ዳበስኩት። ግርጌው በሙሉ፣ ጀርባው፣ ከብብቱ ሥር፣ ሁሉም ደንዳና ነው። ገበሩን በጥርሴ ቀድጄ አንዱን አወጣሁት። ማክበጃ ነው። ሃያ አራት ቆጠርኩ፤ በአራት ሳካፍለው ስድስት ኪሎ ሆነ። አንዱን በመዳፌ ይዤ እናቴ ፊት ቆምኩ።

«ይሄ ምንድነው?»

እናቴ የስፌት መኪናዋ ላይ ነበረች። እግሯ ፔዳሉ ላይ ቆመ። ብረቱን አየችው፣ እኔን አየችኝ።

«አባትሽ ነው ያዘዘኝ» አለች። «አንቺ ደስ እንዲልሽ ብሎ።»

አመንኳት። እናቴ በራሷ ፈቃድ ምንም አድርጋ አታውቅም፤ «አባትሽ ካለ» ነበር ሁልጊዜ ቃሏ። ያ ቅዳሜም የገባኝ መሰለኝ። «ተይው፣ ዛሬ ያለሱ» ያለኝ የራሱ ማታለል ሰልችቶት፣ አፍሮ ነው አልኩ። ሚዛን ዘመድ የለውም ያለኝ ሰው፣ ዝንብ እስክትነሳ የሚጠብቀው ሰው፣ በኔው ዓይን በኔው አፍ ተጫወተብኝ። ሊሞት መሆኑን እያወቀ አስጨበጨበኝ። በአያቴ ፊት ቆሜ የውሸቱ መልእክተኛ ሆንኩ።

ዐሥር ዓመት የሆነው ልጅ ቂም አይዝም የሚል ሰው ልጅ ሆኖ አያውቅም። የአባቴን ፎቶ ከአልጋዬ ራስጌ አንስቼ ልብስ ሳጥን ሥር ከተትኩት። እናቴ መቃብሩ ዘንድ ስትሄድ ራሴን አመመኝ እያልኩ እቀር ነበር፤ ትንሽ ቆይታም መጠየቅ ተወች። በሠርጌ ቀን አንድ ጎልማሳ ወዛደር ወደኔ ጠጋ ብሎ «ጋሽ ግራም ይህን ቢያይ!» ሲለኝ ጀርባዬን ሰጠሁት። ልጄ «አያቴ ምን ዓይነት ሰው ነበር?» ስትለኝ «ሚዛነኛ ነበር» ብዬ አልፋለሁ። ሃያ ስምንት ዓመት እንዲህ ሄደ።

ባለፈው ወር አንድ እሁድ እናቴ እኛ ዘንድ ምሳ በላች። ሰባ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ጤናዋ ደህና ነው፣ ጨዋታዋም አልነጠፈም። ባለቤቴ ሆዱን እየመታ «ሐኪም አምስት ኪሎ ቀንስ ብሎኛል» ሲል እናቴ ሳቋ መጣ።

«መቀነስ ነው ወይ ጭንቁ? እኔ ባሌን በእርሳስ ያወፈርኩ ሴት ነኝ!»

ባለቤቴ ገረመው። «እንዴት?»

እሷም ማንኪያዋን አስቀምጣ አወራችለት። ሐምሳ አምስት ያለው ቀን ፊቱን ወደ ግድግዳ ሲያዞር እሷም አብራው መሞት እንዳማራት። ረቡዕ ማክበጃዎቹን ስታይ ሐሳቡ ብልጭ እንዳለላት። «በየሳምንቱ ምን ያህል እንደከሳ እንዴት እንደማውቅ ታውቃለህ? ሳጥበው በክንዴ እመዝነዋለሁ! ከዚያ የጎደለውን እሞላና ግማሽ ኪሎ እመርቅበታለሁ። እሱ ነፍሱ አታውቅም። ይቺ ናት አንባቢዋ፤» ወደኔ ጠቆመች። «እሷ ካላነበበችለት ንጉሥ ቢምልለት አያምንም። ፊቷን አይቶ ነበር የሚበላው።»

ባለቤቴ ሊስቅ ጀምሮ እኔን አየና ተወው።

«አባዬ ነው ያዘዘኝ ብለሽኝ ነበር» አልኳት።

«ምኑን?»

«ማክበጃውን። ካፖርቱን ቀድጄ ያመጣሁልሽ ቀን። አንቺ ደስ እንዲልሽ ብሎ ነው አልሽኝ።»

እናቴ አሰበች። በእውነት አሰበች፤ ግንባሯ ተቋጠረ። «ብዬሽ ነበር እንዴ?» አለች። ረስታዋለች። እኔ ሃያ ስምንት ዓመት የተሸከምኩትን እሷ መቼ እንደጣለችው እንኳ አታውቅም።

ቤቷ ላደርሳት መኪና ውስጥ ገባን። ጥቂት ከሄድን በኋላ እሷ ጀመረች።

«አፍጥጠሽ ስታይኝ ፈራሁሽ። ጥላኝ ትቀራለች አልኩ። እሱ ሞቷል፣ ሙት ደግሞ አይወቀስም ብዬ ነው።»

«እኔ ግን ወቀስኩት።»

«ልጅ ነሽ፣ ትረሺዋለሽ ብዬ እኮ ነው።»

«ለምን እኔን? ለምን ራስሽ አላነበብሽለትም?»

«እኔን መቼ ያምነኛል?» አለች። «ለአንቺ ብነግርሽ ደግሞ ፊትሽ ላይ ያነበው ነበር። መዋሸት አትችይማ!»

«እናቱን ለማየት ስልሳ እስኪገባ እንደሚጠብቅ ታውቂ ነበር።»

«አውቃለሁ» አለች። «ቢሄድ መንገድ ላይ ቢሞትብኝስ? ቢደርስስ? እናት ናት፤ አቅፋ ታስቀረዋለች እንጂ መልሳ ትልክልኛለች? ጥቂት ሳምንት ነው የቀረው ብሎኛል ሐኪሙ። እነዚያን ደግሞ ለማን ላካፍል?» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ሳላውቅ ነው እንጂ ዓይኗ መጥፋቱን ባውቅ...» አለችና ሳትጨርሰው ተወችው።

መብራት ላይ ቆምን። ልናገረው አላሰብኩም ነበር፤ አፌ ቀደመኝ።

«አባዬ ዐውቆ ነበር የሞተው።»

«ምኑን?»

መጋረጃ ልትሰቅል የሄደችበትን ቅዳሜ ነገርኳት። ካፖርቱ እንዴት እንደወደቀ፣ እንዴት እንዳየው፣ ሐምሳ እንዴት ሐምሳ ስምንት ተኩል እንዳልኩት፣ እንዴት «ጎበዝ፣ ጻፊው» እንዳለኝ። ስለ ወረቀቱም ነገርኳት፤ ሰኞ ከክፍሉ ስላስወጣችኝ፣ ዓይኑ ስለፈለገው ነገርም። መብራቱ ተለወጠ፣ ከኋላችን ያለው መኪና ጥሩምባውን ነፋብን።

«እስከ ሐሙስ?» አለች። «አምስት ቀን ሙሉ? እኔ እኮ አጠገቡ ነበርኩ። ሳጥበው፣ ሳገላብጠው፣ ስስመው... በዓይኑ እንኳ ምንም አላለኝም።»

«ምንም አላለሽም» አልኳት። ደስ አላለኝም። ግን አልቆጨኝም።

ደጇ ላይ ስደርስ ሞተሩን አጠፋሁ። አልወረደችም። የቀሚሷን ጫፍ በጣቶቿ መካከል ጠቀለለች፣ ፈታች፤ ከዚያ ክንዴን ያዘችኝ። እጇ እርጅና ገብቶበት ቀሏል።

«እኔ የታመምኩ ቀን ግን» አለችኝ፣ «አደራሽን፣ ምንም እንዳትደብቂኝ። ክፉም ቢሆን ለራሴ ንገሪኝ። የማደርገውን አደርግበታለሁ። እንደ ሕፃን እንዳታታልሉኝ። ቃል ግቢልኝ።»

ፊቷን አየሁት። የምትቀልድ አልነበረችም። የጠየቀችኝ ነገር ምን እንደሆነ ራሷ የሰማችው አይመስልም።

ወርጄ ዞርኩና በሩን ከፈትኩላት። ክንዷን ይዤ ደረጃውን አወጣኋት፣ ቁልፉን ከቦርሳዋ አውጥቼ በሩን ከፈትኩ፣ መብራቱን አበራሁላት። በሩ ላይ ቆማ፣ መልስ የምትጠብቅ ልጅ መስላ አየችኝ።

«ደህና እደሪ፣ እማዬ» አልኳት። ቃሉን አልሰጠኋትም።